ከዳሞታ ሥር ያለው ጭስ

የአየር ብክለት ሲነሳ ወላይታ ሶዶን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች፤ ዝናብም ነፋስም አይነፍጓትም። ቀን ከሌት ጭስ የሚተፋ የፋብሪካ ሰፈር የላትም። ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሳውላና ከተርጫ የሚመጡት መንገዶች ስለሚገናኙባት የጭነት መኪናና የባጃጅ ጭስ፣ በበጋ ደግሞ አስፋልት ያልደረሰበት መንገድ አቧራ አለባት። ያም ሆኖ ከዴልሂ፣ ከአዲስ አበባም ቢሆን፣ ሲያወዳድሯት ንጹሕ ትመስላለች።

መለኪያ ይዘው ወደ ማድ ቤት የገቡ ተመራማሪዎች ግን ከዚህ መልክ ጋር የማይገጥም ነገር አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኢትዮጵያውያን ጥናት በወላይታ ሶዶ በመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን የታመሙና ያልታመሙ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን አወዳደረ። ንጹሕ ያልሆነ ማገዶ ከሚነድበትና አየር በደንብ ከማይዘዋወርበት ቤት የመጡት ልጆች የመታመም ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ከአንድ ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት በዚያችው ከተማ ማብሰያ ቤቶች ውስጥ ያለውን ደቃቅ ብናኝ ለካ፤ ውጤቱም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ ብዙ እጥፍ ያለፈ ነበር።

በወላይታ የአየር ብክለት ነገር ከአደባባይ ይልቅ ከምድጃ ይጀምራል ማለት ነው። ጉዳቱ በምን እንደሚለካ፣ በማን ላይ እንደሚበረታና ገንዘቡ የት ቢውል ሕይወት እንደሚያድን የሚወሰነው በዚህ መነሻ ነው።

ብናኝና ዕድሜ

ከጭስ ውስጥ ጤናን አብዝቶ የሚጎዳው ዓይን የሚያስለቅሰው ክፍል አይደለም። ፒኤም 2.5 ተብሎ የሚጠራው፣ መጠኑ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ብናኝ ከሰው ፀጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል ያንሳል። የአፍንጫ ፀጉርም የጉሮሮ አክታም ሊያስቀረው ስለማይችል እስከ ሳንባ የመጨረሻ ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል፤ ከፊሉም ወደ ደም ይገባል። የአየር ብክለት ከሳልና ከአስም አልፎ በልብ ድካም፣ በስትሮክ፣ በሳንባ ካንሰርና በስኳር በሽታ መዝገብ ውስጥ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ነፍሰ ጡር እናት ስትተነፍሰው ከክብደት በታች የሆነ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 መመሪያውን ሲያጠብቅ የብናኙ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ የአንድ ቀንና ሌሊት አማካይ ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ መክሯል። በዚያው ዓመት፣ የዓለምን አየር ሁኔታ የሚከታተለው ዓመታዊ ሪፖርት እንዳሰላው፣ 8.1 ሚሊዮን ሰዎች ከአየር ብክለት ጋር በተያያዘ ሞተዋል። ከእነዚህ መካከል ከ700,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው፤ ከሕፃናቱም የ500,000 ያህሉ ሞት የተያያዘው ቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶ ጭስ ጋር ነው።

ብክለት ስንት ዓመት ዕድሜ ይቀንሳል ለሚለው ጥያቄ በጣም የታወቀው መልስ የመጣው ከቻይና ነው። የቻይና መንግሥት ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከሁዋይ ወንዝ በስተሰሜን ላሉ ከተሞች የክረምት ማሞቂያ የድንጋይ ከሰል በነፃ ሲያቀርብ በስተደቡብ ላሉት ግን አያቀርብም ነበር። ወንዙ ያለ ማንም ሐሳብ እንደ ሙከራ መስመር ሆነ። ተመራማሪዎች የሁለቱን ዳርቻ ነዋሪዎች ሲያነጻጽሩ ሰሜኖቹ በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አገኙ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከዚህ ተነስተው ባዘጋጁት መለኪያ መሠረት፣ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሚተነፍሰው አየር ላይ 10 ማይክሮግራም ብናኝ ሲጨመር አንድ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያጣል።

ይህ ስሌት ለወላይታ በቀጥታ ቢወሰድ ያሳስታል። አንደኛ፣ መለኪያው መረጃውን የሚያገኘው ከሳተላይት ነው፤ ሳተላይት ደግሞ ከሣርም ሆነ ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች ያለውን አያይም። ከላይ ሲታይ መጠነኛ ብክለት ያለበት ቀበሌ ውስጥ፣ ጎህ ሲቀድ እሳት የምታነድ እናት ካርታው ላይ ከተቀመጠው ቁጥር በብዙ እጥፍ የበለጠ ትተነፍሳለች። ሁለተኛ፣ የብናኝና የጉዳት ግንኙነት እስከ መጨረሻው ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛ የጉዳቱ ጭማሪ እየለዘበ ይሄዳል። ማድ ቤት ውስጥ የሚለኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማይክሮግራሞችን ለ10 አካፍሎ ዕድሜን መቀነስ ሊታመን የማይችል ያህል ዓመት እስከ መቀነስ ያደርሳል።

የኢትዮጵያውያን አማካይ የመኖሪያ ዕድሜ ራሱ ነገሩን ይሸፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች የነበረው ዛሬ ከ65 አልፏል። ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናት በ2000 ከ1,000 ልደት 166 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 67 ወርደዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጭሱ አልቀነሰም። ለውጡን ያመጡት በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ በ2011 የገባው የሳንባ ምች ክትባት፣ በየጤና ኬላው የሚሰጠው መድኃኒትና የተሻለ ምግብ ናቸው። ጭሱ የሚወስደው ዓመት ከተገኘው ጭማሪ ላይ ስለሚቀነስ በዓይን አይታይም፤ ማንም ሰው የሞት ምክንያቱ ማገዶ ነው ተብሎ አይመዘገብም።

ጎጆው፣ ምድጃውና ማገዶው

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአሥር የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በሰብል ተረፈ ምርት እንደሚያበስሉ አሳይቷል። የወላይታ ዞን በ2007 ቆጠራ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበረውና አብዛኛው በገጠር የሚኖርበት አካባቢ ነው። ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አንዱ በመሆኑ ግማሽ ሄክታር እንኳ የማይሞላ መሬት ያላቸው አርሶ አደሮች ብዙ ናቸው። ለዱር የሚተርፍ መሬት ባለመኖሩ ማገዶው ከጓሮ ባሕር ዛፍ፣ ከበቆሎ አገዳ፣ ከደረቀ የእንሰት ቅጠልና ከጭራሮ ይለቀማል። እንዲህ ያለው ስስና አንዳንዴም እርጥብ ማገዶ ከደረቀ ግንድ ይልቅ ይጨሳል።

ባህላዊው የወላይታ ጎጆ ክብና የሣር ክዳን ያለው ሲሆን ሰውም ከብትም የሚያድሩት ከአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ሦስት ጉልቻው የሚተከለው እዚያው ውስጥ ነው። ጭስ መውጫ የለም፤ ጭሱ በሣሩ መካከል እየሰረገ ይወጣል። ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹና በቆሎው ለመብሰል ጊዜ ይወስዳሉ፤ ከእንሰት የሚዘጋጀው ቆጮም ምጣድና የማያቋርጥ እሳት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ሰዓት ምድጃው ሥር የምትቀመጠው እናት ናት፤ ሕፃኑ በጀርባዋ፣ ለጥቆ ያለው ልጅ በአጠገቧ፣ ለማገዝ የደረሰችው ሴት ልጅ ፊት ለፊቷ ናቸው። አባወራው አብዛኛውን ጊዜ ማሳ ወይም ገበያ ስለሚውል በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች የሚተነፍሱት አየር አንድ አይደለም።

ጭሱ እስከዛሬ የቆየው ሰው ጉዳቱን ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ጥቅምም አለው። ሣሩንና ማገሩን ከነፍሳት ይጠብቃል፤ ቆጥ ላይ የተቀመጠውን እህል ያደርቃል። እንደ ሁምቦና አባያ ባሉ የወባ ቆላዎች ቢንቢ ያባርራል ተብሎ ይታመናል፤ የማገዶ ጭስ ከወባ ስለ ማዳኑ ግን ጥናቶች አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። ደጋው ላይ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳልና ምድጃው ማሞቂያም ነው። ጭስን ለማጥፋት የሚመጣ ማንኛውም ሐሳብ እነዚህን ሥራዎች ማን እንደሚሠራ መመለስ አለበት።

በወላይታ የታየው በሌላውም አካባቢ ተለክቷል። ቡታጅራ ዙሪያ በገጠር ቤቶች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ ሌላው የጭስ ጋዝ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በአማካይ 97 ማይክሮግራም ተገኝቷል፤ በወቅቱ የነበረው የዓለም ጤና ድርጅት ዓመታዊ ጣሪያ 40 ነበር። በአዲስ አበባ የቡና ሥነ ሥርዓትን የመረመሩ ተመራማሪዎች ደግሞ ከሰሉ፣ የሚቆላው ቡናና ዕጣኑ ተደምረው የሚያወጡትን ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ ለክተዋል። በከተማ ቤቶች ከእንጨት ወደ ከሰል መሻገር ጭሱን ይቀንሳል፤ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ያመጣል። በብርድ ሌሊት በር ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ዜና በኢትዮጵያ ከተሞች በየጊዜው የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉልቻ ሲለዋወጥ

መንግሥትና ረድኤት ድርጅቶች ለሠላሳ ዓመታት ያህል የሰጡት መልስ የተሻሻለ ምድጃ ነው። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከተማ ውስጥ ገባ፤ ለእንጀራ ምጣድ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ደግሞ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ምድጃዎችን የማሰራጨት ዕቅድ ይዞ ነበር። ለእንጨት ለቀማ የሚባክነውን ጉልበትና የሚመነጠረውን ደን ያየ ሰው ይህን ሥራ አይንቅም።

ለሳንባ ግን ያስገኘው ያን ያህል አይደለም። በጓቲማላ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የተሰጣቸውን ቤተሰቦች የተከታተለው፣ በ2011 የታተመ ጥናት፣ ምድጃው ከባድ የሳንባ ምችን ሲቀንስ በጠቅላላው የሳንባ ምች ቁጥር ላይ ግን አስተማማኝ ለውጥ እንዳላመጣ አሳየ። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የታቀፉበትና በ2016 የወጣው ጥናት ምንም ልዩነት አላገኘም። ለኢትዮጵያ ቅርቡ ማስረጃ ከአማራ ክልል ከሜጫ የመጣ ነው፤ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ በዕጣ ለተመረጡ መንደሮች ታድሎ ሕፃናቱ ክትትል ሲደረግላቸው፣ የሳንባ ኢንፌክሽን እንደቀነሰ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት በምርምር የተፈተነ ያህል ነው።

ምክንያቱ ቀደም ብሎ ከተነገረው የጠመመ መስመር ጋር ይያያዛል። ምድጃው ብናኙን ከ400 ወደ 200 ቢያወርደው እንኳ ሳንባ ለዚያ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ ትንሽ ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ መጀመሪያ ደረጃ ግብ ወዳስቀመጠው 35 ማይክሮግራም ሲጠጋ ነው። በዚያ ላይ አንድ ቤት አንድ ምድጃ ብቻ አይጠቀምም፤ እንጀራው በምርጥ ቢጋገር ወጡ በጉልቻ፣ ቡናው በከሰል ይፈላል። የጎረቤት ጭስም አጥር አያግደውም።

ንጹሕ ነዳጅም ቢሆን ሁሉን አልፈታም። በጓቲማላ፣ በህንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ነፍሰ ጡር እናቶችን ያሳተፈው ትልቅ ሙከራ ለግማሾቹ የማብሰያ ጋዝ በነፃ ሰጠ። ጋዝ ያገኙት እናቶች የሚተነፍሱት ብናኝ ወደ 24 ማይክሮግራም ሲወርድ የሌሎቹ 70 አካባቢ ቆየ። ሆኖም የሕፃናቱ የልደት ክብደትም ሆነ ከባድ የሳንባ ምች በሁለቱ ወገን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። የሳንባ ምች ከክትባት፣ ከምግብ እጥረትና ከተጨናነቀ መኝታም ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንድ ገመድ ሲቆረጥ ሌሎቹ ይዘው ይቆያሉ። የልብና የስትሮክ ጉዳት ደግሞ የሚከማቸው በአሥርተ ዓመታት ስለሆነ የአንድ ሁለት ዓመት ሙከራ አያሳየውም። ከእነዚህ ጥናቶች የሚወጣው ትምህርት ጭስ አይጎዳም የሚል አይደለም፤ በግማሽ ማጽዳት ግማሽ ጤና አይሰጥም የሚል ነው።

ከራስ በላይ የሚያልፈው መብራት

ከዚህ ሁሉ በኋላ የወላይታን ጉዳይ ለየት የሚያደርገው ኤሌክትሪክ ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል የተሠራው ጊቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ተመርቋል። ኃይሉ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በወላይታ ሶዶ ማከፋፈያ በኩል ነው። ከሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ ይችላል፤ ለኬንያ የሚሸጠው ኤሌክትሪክ በ2022 መጨረሻ መፍሰስ ጀምሯል።

ታላላቆቹ ማማዎች በገጠሩ ላይ ሲያልፉ ከሥራቸው ያለው ቤት እንጨት ያነዳል። መብራት የገባላቸውም ቢሆኑ አምፖል አብርተው፣ ስልክ ሞልተው፣ እራቱን በማገዶ የሚያበስሉት ብዙ ናቸው። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ለአምፖል የተዘረጋ ሽቦና ትራንስፎርመር ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲሰካ አይችልም። ምጣዱን መግዛትም ለአርሶ አደር ቀላል ወጪ አይደለም። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። የተለቀመ ጭራሮ ግን በብር አይከፈልበትም፤ የሚከፈልበት በሴቶችና በልጆች ጉልበት ነው።

ስለዚህ ከተማዋና ገጠሩ አንድ ዓይነት መድኃኒት አይጠይቁም። ሶዶ፣ ቦዲቲና አረካ ውስጥ ቤተሰቡ ከሰልና እንጨት በገንዘብ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ከማገዶ ጋር በዋጋ ሊወዳደር የሚችለው እዚህ ነው። ጠንካራ ትራንስፎርመር፣ ለምጣድና ለአነስተኛ ምድጃ የሚሆን ብድር፣ የማያቋርጥ መስመር ብዙ ቤት በአንዴ ከጭስ ሊያወጡ ይችላሉ። በገጠሩ ለጊዜው የሚቀርበው መፍትሔ ዝቅ ያለ ነው፤ ማድ ቤትን ከመኝታ መለየት፣ መስኮትና ጭስ መውጫ ማበጀት፣ ማገዶን ማድረቅ፣ ሕፃን ምድጃ አጠገብ እንዳይውል ማድረግ። የሶዶው የ2018 ጥናት አየር የማይዘዋወርበትን ቤት ከበሽታው ጋር ማያያዙ ለእነዚህ ትናንሽ እርምጃዎች ድጋፍ ይሰጣል። ባዮጋዝም አማራጭ ሆኖ ቀርቧል፤ ነገር ግን ቢያንስ አራት ያህል ከብትና በቂ ውኃ ስለሚፈልግ ጠባብ መሬት ላለው የወላይታ ገበሬ ሁሉ አይሆንም።

ማገዶው ራሱ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ ሁምቦ አንድ መልስ ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ኮረብታ ተከልሎ፣ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ፣ በአካባቢው ማኅበራት እጅ እንዲለማ ሆነ። በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት የተመዘገበ፣ በአፍሪካ ፈር ቀዳጅ የሆነ ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነው። ኮረብታው ዳግም ለምልሟል፤ ማድ ቤቱ ግን ያው ነው። የደን ጥበቃና የሳንባ ጥበቃ አንድ ላይ ቢነሱም ሁልጊዜ አብረው አይደርሱም።

ከአካባቢ የሚመጣ በሽታን ለይቶ መከላከል ለወላይታ እንግዳ ነገር አይደለም። በባዶ እግር ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ መዋል የሚያመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት የዞኑን 5.46 በመቶ ነዋሪ ይዞ ተገኝቷል። ለዘመናት እንደ እርግማንና እንደ ዘር ሲታይ የኖረው ሕመም ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ በጫማ፣ በሳሙናና በውኃ ሊገታ እንደሚችል ተረጋገጠ፤ ሶዶ ላይ የተቋቋመው ሞሲ ፉት የተባለው ድርጅትም ትምህርቱን በገጠሩ አዳረሰ። በጭሱ ላይ ለጊዜው የጎደለው ይህን የመሰለ፣ ምክንያቱን በስሙ ጠርቶ ቤት ለቤት የሚናገር ሥራ ነው።

ከጓዳ ወደ ጎዳና

ማድ ቤቱ ዋናው ቢሆንም ጎዳናውም እየመጣ ነው። ሶዶ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ መሥሪያ ቤት፣ ግንባታና ተሽከርካሪ ይከተላሉ። የአዲስ አበባ ልምድ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል ያሳያል። በዋና ከተማዋ በአሜሪካ ኤምባሲ ግቢ ከ2016 ጀምሮ የተለካው ደቃቅ ብናኝ ከዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በብዙ እጥፍ ሲበልጥ ቆይቷል፤ ዋሽንግተን በመጋቢት 2025 ከኤምባሲዎቿ የሚወጣውን መረጃ ማጋራት ስታቆም ያ ምንጭ ደረቀ። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉ ዓላማው በዋናነት የውጭ ምንዛሪ ቢሆንም ለከተማ አየር ይጠቅማል። ከአገልግሎት ያልወጡት አሮጌ የናፍጣ መኪናዎች ግን በክልል መንገዶች ላይ ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ።

ሕጉ አልጠፋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ሁለቱም ሲተረጎሙ የሚታሰበው ፋብሪካና ቆሻሻ መጣያ ነው፤ የማድ ቤት ጭስ በየትኛው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ ግልጽ አይደለም። ጤና ቢሮ በሽታውን ያክማል፣ የኢነርጂ ዘርፉ ምድጃ ያከፋፍላል፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ቆጣሪ ይተክላል፣ የግብርናው ባለሙያ ዛፍ ያስተክላል።

እነዚህን ለማገናኘት ሶዶ ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። ዩኒቨርሲቲና የማስተማሪያ ሆስፒታል አላት፤ የማድ ቤት ብናኝ ልኬት ተጀምሮባታል፤ ከፍተኛው የኃይል መስመርም በደጃፏ ነው። አንድ ሰፈር መርጦ ትራንስፎርመሩን ማጠናከር፣ ምጣድና ምድጃ በብድር መስጠት፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የማድ ቤቱን አየር፣ የእናቶችን የደም ግፊትና የሕፃናቱን የጤና ጣቢያ መዝገብ ለጥቂት ዓመታት መከታተል ይቻላል። ሜጫ ላይ ምድጃው በቂ እንዳልሆነ ታውቋል። ከሰል የሚገዛ የሶዶ ቤተሰብ ወደ ኤሌክትሪክ ሲሻገር ብናኙ 35 ይደርስ እንደሆነ፣ ሲደርስስ የማን ጤና ቀድሞ እንደሚሻል በዚሁ ከተማ ሊለካ ይችላል።